ለነጩ ቀበሮ የተሳልኩት ጃንጥላ

ባለፈው ሰኔ ወንድሜ ናትናኤል አይስክሬም ልጋብዝሽ ብሎ ግሩነርሎካ የሚባለው ሰፈር ጠራኝ። እሱ ካልጠፋ ቀን የሚጋብዘው የሆነ ነገር ሲፈልግ ስለሆነ ገና ከትራሙ ስወርድ ጀምሮ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያስቸግረኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ናቲ በአሥር ዓመት ያንሰኛል። ጢሙ ሞልቶ እንኳ ለእኔ ያው አፍንጫውን የምጠርግለት ልጅ ነው። አስተናጋጇ አይስክሬሙን በረጃጅም ብርጭቆ አመጣችልን፤ በየብርጭቆው ላይ ትንሽዬ የወረቀት ጃንጥላ ተሰክቷል። የእኔ ቀይ ነበር። ናቲ ማንኪያውን እንኳ ሳያነሳ፣ «ሶሲ፣ አባት ልሆን ነው» አለኝ።

ዘልዬ አቀፍኩት። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ «እንኳን ደስ አለህ!» ብዬ ጮኽኩ። ከልቤ ነበር። ግን እዚያው ልቤ ውስጥ ሌላም ነገር ብድግ አለ። አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው፤ ቅናት ይባላል። እኔና ባለቤቴ ልጅ መፈለግ ከጀመርን ዓመታት አልፈውናል። ሆስፒታል መመላለሳችንን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ናቲ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ «እኛ እኮ ገና አላሰብንበትም ነበር» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ አይስክሬሜ ግን ሳልነካው ቀለጠ። ስንነሳ ጃንጥላዋን በናፕኪን ጠርጌ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

«እሱ ደግሞ ለምንሽ ነው?» አለኝ።

«ና፣ ለምንም አይደለም» አልኩት። ወንድሜ አያውቅም እንጂ እሱን ወደዚህ ዓለም ያመጣው እንደዚህ ያለ ጃንጥላ ነው። እኔ እንደዚያ አምኜ ነው ያደግኩት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አመሩድ የሚባል ሰፈር፣ ከቴባነው፣ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ እምብዛም በማይርቅ ረጅም ብሎክ ውስጥ ነበር። ደረጃውን ስንወጣ የማን ቤት ጋ እንደደረስን በአፍንጫችን እናውቅ ነበር። ከሥራችን የምትኖረው አሮጊት ቤት የተቀቀለ ዓሣ ይሸታል፤ የእኛ ቤት ቁሌት ይሸታል። ከእኛ በር ፊት ለፊት ካለው ቤት ግን ትኩስ ሩዝና ከስኳር ጋር የፈላ አኩሪ አተር መረቅ ይሸት ነበር፤ እዚያ ሳዮ ትኖራለች። ሳዮ የክፍሌ ልጅ፣ የበር ለበር ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ ጃፓናዊት፣ አባቷ ኖርዌጂያዊ ናቸው። እናቴ እናቷን «የሳዮ እናት» እያለች ነው የምትጠራት። የሚገርመው እሷም በአገሯ ወግ እናቴን «የሶስና ማማ» ነበር የምትላት። ሁለቱም በተሰባበረ ኖርስክ፣ በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ፣ ሲያወሩ አንዳቸው የሌላዋን ስም ጠርተው አያውቁም።

በሳዮ የማልቀናበት ነገር አልነበረም። ፀጉሯ ከዋና በኋላ ወዲያው ይደርቃል፤ የእኔን ግን እናቴ የምትጎነጉነው አስለቅሳኝ ነው። ማትፓከዋን፣ የምሳ ዕቃዋን፣ ስትከፍት ሩዙ ጥንቸል ሆኖ፣ ካሮቱ አበባ ሆኖ ይወጣል፤ የእኔ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ ነው፤ ጾም ሲገባ ደግሞ አይቡም ይቀራል። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ወስዶ በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምራታል፤ የእኔ አባት አውቶቡስ ነጂ ስለነበረ ቅዳሜ የሌሎችን ልጆች ወደ ጫካ የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ግን በረንዳቸው ላይ ከነበረው ነገር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

በረንዳቸው በመስታወት የተዘጋ ነበር። ጥጉ ላይ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ የወፍ ጎጆ የምታክል ቤት ቁጭ ብላለች። ከፊቷ መዝጊያ የሌለው ቀይ በር ቆሟል፤ ግራና ቀኙን ደግሞ ሁለት ነጭ የሸክላ ቀበሮዎች ይጠብቁታል። አንገታቸው ላይ፣ ምግብ እንደሚጎርስ ሕፃን፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮላቸዋል። አንደኛው በአፉ የሩዝ ዛላ ነክሷል፤ ሌላኛው የጎተራውን ቁልፍ ይዟል። የሳዮ አያት ጃፓን ገጠር ውስጥ፣ ሩዝ ማሳ ዳር ያለውን ትልቁን መቅደስ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ፤ ይቺን ትንሿን ለልጃቸው ስትዳር የሰጧት እሳቸው ናቸው። የመቅደሱ አምላክ ኢናሪ ይባላል፤ ሩዝ ያበቅላል፣ ላጡ ሰዎች ልጅ ይሰጣል።

ሳዮ ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ አስተማሪ እየተጀነነች ነው። «ቀበሮዎቹ አምላክ አይደሉም። መልእክተኞች ናቸው። የሰውን ልመና ይወስዳሉ፣ መልሱን ይዘው ይመጣሉ» አለችኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «እንደ ገብርኤል!» አልኳት። ሳዮ ገብርኤል የሚባል ሰው አላውቅም አለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮዎቹን በሌላ ዓይን አየኋቸው፤ ቅናቴም ባሰበት።

ለምን ባሰበት? የእኛን ጉዳይ ልንገራችኋ። ያኔ የእኛ ማኅበረ ምእመናን የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ እሁድ እሁድ የኖርዌጂያኖችን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነበር የምንጠቀመው። ሥዕሎቹ በሻንጣ ይመጣሉ፣ መጋረጃው በገመድ ይሰቀላል፣ ከበሮው ከአባቴ መኪና ኋላ ይወርዳል። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ያው ሁሉ ተመልሶ ይታሸጋል። የገብርኤል ሥዕል በፎጣ ተጠቅልሎ ሳምንቱን የሚያሳልፈው እኛ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ነበር፤ እንዳልነካው ተነግሮኛል። ሳዮ ግን በፈለገችው ሰዓት በካልሲዋ በረንዳ ወጥታ፣ ሁለቴ አጨብጭባ፣ ጎንበስ ብላ ቀበሮዎቿን ሰላም ትላለች። ጠዋት ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው ሩዝ የእነሱ ነው። እኛ ለቅዱሳኖቻችን የምንሰጣቸው ረሃባችንን ነው፤ እነሱ ግን ምሳ ይሰጧቸዋል። ይህ ነገር በጣም ያናድደኝ ነበር።

በፌብሩዋሪ የቀበሮዎቹ በዓል አለ። በዚያ ዓመት የነነዌ ጾም ላይ ዋለ። የሳዮ እናት ከረጢት የመሰለ የተጠበሰ ቶፉ በጣፋጭ መረቅ አፍልታ ውስጡን ሩዝ ትሞላዋለች፤ ቀበሮዎች ከምግብ ሁሉ እሱን ይወዳሉ ይባላል። እንድበላ ሲጠሩኝ እናቴ በራችን ላይ ቆማ ቶፉ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ከአኩሪ አተር ነው ሲሏት ፊቷ በራ። «የጾም ነው እንዴ? በይ ብዪ!» አለችኝ። በላሁ። ጣቴን እየላስኩ በላሁ። ቤት ተመልሼ ግን አፌ አላርፍ አለኝ፤ «እማ፣ ቀበሮዎቹም እኮ ነነዌን ይጾማሉ! ሥጋ አልተሰጣቸውም። ለእኛም የደረሰን እነሱ ከበሉ በኋላ ነው» አልኳት።

እናቴ የያዘችው ማማሰያ እጇ ላይ ቀረ። «ከምን በኋላ?» አለች። ደግሜ ነገርኳት። ለጣዖት የቀረበ ምግብ ልጇን ራሷ ብዪ ብላ መፍቀዷ ነው ያስደነገጣት። እየጎተተች መታጠቢያ ቤት አስገብታ አፌን አስጉመጠመጠችኝ፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን ጠበል ከፕላስቲክ ጠርሙስ አጠጣችኝ፤ ፊቴንም ረጨችው። ከዚያ ጣቷን ቀስራ፣ «ሁለተኛ እዛ በረንዳ ላይ እግርሽን ታሳርፊና ወዮልሽ!» አለችኝ። አባቴ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በጋዜጣ ተሸፍኖ ይስቃል፤ ጋዜጣው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

እናቴ የምትሠራው ባርነሃገ፣ ሕፃናት ማዋያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አቅፋ፣ የሰው ልጅ አስተኝታ ትውላለች። ከእኔ በኋላ ሌላ ልጅ ብትፈልግም አልሆነላትም፤ አንዳንዴ ፅንሱ ይጀምርና ይቀራል። ያን ጊዜ ይህን በግልጽ የነገረኝ የለም። ግን እሁድ ሰው ሲበታተን ሥዕሉን በፎጣ የምትጠቀልለው እሷ ነበረችና ከመጠቅለሏ በፊት የምትለውን እሰማ ነበር። «ገብርኤል ሆይ፣ አንድ ልጅ ብቻ ጨምርልኝ፤ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ትላለች። ስለት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት እንደዚያ ነው፤ ትለምናለህ፣ ቃል ትገባለህ፣ ሲሰጥህ ትከፍላለህ።

በዚያ ጸደይ የሳዮ እናት ሆዷ ገፋ። እናቴ በሯ ድረስ ሄዳ፣ አቅፋ ሳመቻት። ወደ ቤት ገብታ ግን መታጠቢያ ቤቱን ቆለፈችና ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። በሩ ስር ተቀምጬ እሰማለሁ። ውኃው ምንም ያህል ቢፈስ የእናቴን ልቅሶ አልሸፈነውም። ያን ቀን የተሰማኝን ቅናት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለፀጉር፣ ለጥንቸል ሩዝ የሚቀናው ቅናት አልነበረም። ሳዮ ሁሉ ነገር አላት፤ አሁን ደግሞ ወንድም ሊጨመርላት ነው፤ የእኔ እናት ደግሞ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። የእኛ ገብርኤል በፎጣ ተጠቅልሎ ነው፤ የእነሱ መልእክተኛ ግን ዓይኑ ክፍት ነው፣ ምሳውን በልቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንግዲህ ለማን መናገር ይሻላል?

በማግስቱ እነ ሳዮ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ እግርሽን እንዳታሳርፊ ስለተባልኩ አላሳረፍኩም፤ የእግሬን ጣቶች ደፉ ላይ አሰልፌ፣ ወደ ውጭ ተንጠራርቼ ቆምኩ። በየትኛው ቋንቋ ልናገር ብዬ ሳዮን ጠየቅኳት። «ኖርስክ ይገባቸዋል። የሚኖሩት አመሩድ ነው» አለች። እኔ ግን ስለት በአማርኛ ካልሆነ የሚሠራ አልመሰለኝም። አማተብኩ፤ ከዚያ ቀበሮው እንዳይቀየመኝ ብዬ ሁለቴ አጨበጨብኩ። ቁልፍ የያዘውን መረጥኩ፤ የተዘጋ ነገር የሚከፍት እሱ ነው ብዬ። «ለሳዮ እናት እንደሰጠሃት ለእናቴም ስጣት። ከሰጠሃት ጃንጥላ አስገባልሃለሁ» አልኩት። ሳዮ ምን እንዳልኩት ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? በረንዳው ዝናብ አያስገባም እኮ!» አለች። ስለት ጃንጥላ ነው አልኳት፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ስለት አልነበረም።

የሳዮ ወንድም ክረምቱ ሳይገባ ተወለደ። እናቴ ገንፎ አገንፍታ፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞልታ አራስ ጠየቀች፤ የሳዮ እናትም ዓይኗ እንባ እያቀረረ በላችው። ከዚያ እናቴ ሕፃኑን ታቀፈች። ታቀፈችና አልመለሰችም። አንገቱን ታሸታለች፣ ጣቱን ትቆጥራለች፣ እኔ «እማ፣ እንሂድ» ስላት አትሰማም። በአንዲት መዳፍ በምታክል ፍጥረት ቀናሁ። ባርነሃገ ያሉት ልጆች አነሷት?

ወራት አለፉ፤ ቀበሮው ዝም አለ። ከሳዮ ጋር ተጣላን። «ቀበሮሽ የሚሠራው ለዘመዱ ብቻ ነው!» ብዬ ደረጃው ላይ ጮኽኩባት። ሳዮ ትንሽ አሰበችና፣ «ተራ ይኖር ይሆናል። ባርነሃገ ለመግባትም እኮ ተራ ይጠበቃል» አለች። እውነቷን ነው ብዬ ታረቅኋት። ተራው ረዘመ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስለቱን ልረሳው ስል፣ እናቴ አንድ ቀን ጠዋት ሽንኩርት ሸተተኝ ብላ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። አባቴ ዕጣ የወጣለት ያህል እየተንጎራደደ ያፏጫል። ማንም ምንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ቀጥታ እነ ሳዮ ቤት ሄጄ፣ ደፉ ላይ ቆሜ፣ ለቀበሮው ጭንቅላቴን ነቀነቅሁለት።

ናቲ በመስከረም ተወለደ። በታኅሣሥ ገብርኤል እናቴ ስለቷን አስገባች። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣችው ሐምራዊ ጃንጥላ ነበር፤ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ተሰፍቶለታል። በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘረጋ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እናቴ ስታለቅስ ቧንቧ አልከፈተችም። እኔ ግን እልል እየተባለ የማስበው ስለ ሌላው ጃንጥላ ነበር። ቤት እንደደረስን፣ «የእኔስ ስለት መቼ ነው የሚገባው?» አልኳት።

«የምን ስለት?» አለች። ነገርኳት፤ ደፉን፣ ጭብጨባውን፣ ቁልፉን፣ ደብቄ ያስቀመጥኳትን የወረቀት ጃንጥላ። አልተቆጣችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅዋን ማን እንደሰጣት ጥርጥር የላትም፤ ገብርኤል ነው። ግን የተገባ ስለት ሳይከፈል ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ለቀበሮ ስለት መክፈል ኃጢአት ነው፤ ቃል ገብቶ ማስቀረትም ያስፈራል። አባቴን ብትጠይቀው፣ «ሁለቱ መልእክተኞች ተነጋግረው ይጨርሱት» ብሎ ቀለደባት። ቀልዱ አላሳቃትም።

በዚያው ሳምንት ናቲን ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ ሕፃናት ላይ የሚያጋጥም ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። እናቴ ግንባሩን እየዳሰሰች ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሁለታችንም ያሰብነውን ሁለታችንም አልተናገርነውም። ከሰዓት በኋላ ተነስታ ሩዝ ጣደች፤ ቅቤ አልነካችውም፣ ዘቢብ ጨመረችበት። ሩዙ እስኪበስል፣ «ያ ጃንጥላሽ የታለ?» አለችኝ። ከሳዮ የልደት አይስክሬም ላይ ነቅዬ ያስቀመጥኳትን የወረቀት ጃንጥላ አመጣሁላት። ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «እንዲህ ራቁቷን ስለት ትሆናለች?» አለችና አሮጌ ነጠላዋን አውጥታ ከጥለቱ ቀጭን ክፋይ ቀደደች። ክሩን በአንድ ሙከራ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ከተተችው፤ የጃንጥላዋን ዙሪያ በወርቃማው ጥለት ሰፋችው። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ትንፋሿን ውጣ ነበር የምትሰፋው።

ሩዙን በሰሃን፣ ጃንጥላዋን ሩዙ ላይ ሰክታ ኮሪደሩን ተሻገረች። ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኔ ለቀበሮ የምሰጠው ነገር የለም። ጎረቤቴ ናት፤ ለጎረቤቴ ሩዝ ወሰድኩላት። የት እንደምታስቀምጠው የራሷ ጉዳይ ነው» አለችኝ። የሳዮ እናት በሩን ከፍታ ሰሃኑን አየች፤ ጃንጥላዋን አየች፤ ከኋላ የቆምኩትን እኔን አየች። ሳዮ ነግራት ኖሯል። ምንም ሳትጠይቅ በሁለት እጇ ተቀበለችና ረጅም ጊዜ ጎንበስ አለች። እናቴም አብራ ጎንበስ አለች፤ ለጎረቤቷ ነው እንግዲህ። የናቲ ትኩሳት በማግስቱ ለቀቀው። ሽሮፑ ነው፣ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በናቲ መቅናት ጀመርኩ። በጃንጥላ ያስመጣሁት ልጅ የእናቴን ጭን ያዘ፣ ጡቷን ያዘ፣ ሌሊቷንም ያዘ። «ተራው የእኔ ነበር እኮ» እያልኩ ለሳዮ ስነግራት፣ «መመለስ አይቻልም፤ ጠይቄያለሁ» አለችኝ፤ ለካ እሷም በወንድሟ ጉዳይ ቀድማ ጠይቃ ነበር። ትምህርት ቤት ልንቀይር ስንል ቤተሰቧ ጠቅልሎ ጃፓን ገባ። ቀበሮዎቹን በፎጣ ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ሲከቷቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልቀናሁባቸው ያን ቀን ነው፤ ልክ እንደኛዎቹ ሆኑ።

እና ባለፈው ሰኔ፣ ከናቲ ጋር እንደተለያየን፣ ወደ ቤቴ መሄድ አስጠላኝና አመሩድ እናቴ ጋ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ቅናቴ ነው። ያኔ ቅናቴ አፍ ነበረው። ሳዮ ፊት እናገረዋለሁ፣ ደረጃ ላይ እጮኽበታለሁ፣ ደፉ ላይ ቆሜ «ለእሷ እንደሰጠሃት ስጠን» እላለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ እንኳን ደስ አለህ ብዬ አቅፋለሁ፣ ስጦታ እገዛለሁ፣ ከዚያ ቧንቧ እከፍታለሁ።

እናቴ የናቲን ዜና ሰምታ ነበር፤ ስልኩ ላይ እልል ብላ ድምፅዋ ሻክሯል። በሩን ስትከፍትልኝ ግን ደስታውን አላነሳችውም። ፊቴን አየችና፣ «ነይ ቁጭ በዪ» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና ፎቶ አሳየችኝ። አረንጓዴ የሩዝ ማሳ፤ ዳሩ ላይ ቀይ በር፤ ከበሩ ሥር የማውቃቸው ሁለት ነጭ ቀበሮዎች። ቁልፍ ከያዘው ራስ በላይ አንዲት የወረቀት ጃንጥላ ተሰቅላለች፤ ወረቀቷ ነጥቷል፣ የእናቴ ጥለት ግን እንዳለ ነው። ከፊታቸው በሰሃን ሩዝ ተቀምጧል። ሩዙ ላይ ዘቢብ አለበት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የሳዮ እናት ናት የላከችልኝ። በየወሩ ትልክልኛለች።»

«ለምን?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «አምና በፋሲካ ሳቅፍሽ ሆድሽን አሸሸሽብኝ። ልጅ ፍለጋ መርፌ የተወጋ ሆድ እንዴት እንደሚሸሽ አጣሁት? ትነግሪኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም አልሽ። ለገብርኤል ነገርኩት። ከዚያ ሌላ ማንንም አልለመንኩም፤» አለችና ዓይኔን ሸሽታ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ «እሷ ግን ጎረቤቴ ናት። የልጄን ነገር ለጎረቤቴ አወራሁ። ለማን እንደምትናገር የራሷ ጉዳይ ነው።»

 ለካ እኔ የሰው ደስታ እያየሁ በውስጤ ስቃጠል፣ ለእኔ ደግሞ በሩቅ አገር ማሳ ዳር ሩዝ ይቀርብልኝ ኖሯል። ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ቀይዋን ጃንጥላ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። እናቴ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ሄደችና የመስፊያ ቆርቆሮዋንና ያንን አሮጌ ነጠላ ይዛ መጣች።

«እማ፣ ገና ነው እኮ» አልኳት። «ስለት የሚከፈለው ሲሰምር ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ መስፋቱ ይቆይብኛል። ከአሁኑ ልጀምረው» አለችና መርፌውንና ክሩን ዘረጋችልኝ። «እንኪ፣ አስገቢልኝ።»

ክሩን ምላሴ ላይ አርጥቤ አስገባሁላት።